ቤልጅግና ምንሽር፣ ከአንተ በኋላ

ጉደታዬ፣ የኔ ግትር፣

ከተለየኸን ዓመቱ አልፎ ሁለተኛው ክረምት ተጋምሷል። እንደምን አለህ አልልህም፤ መልስ የማይመጣለት ጥያቄ መጠየቅ እንደማልወድ ታውቃለህ። የምጽፍልህ የምነግርህ ነገር ስላለኝ ነው። ነገሩ የጠመንጃህ ነው። በሕይወት ሳለህ ብትሰማው ደስታህን የምትደብቅበት ታጣ ነበር።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርህ። ሰበታ ያለው ቤታችን ጣሪያው ተጠግኗል፤ የጠገነው ልጃችን ታሪኩ ስለሆነ በአንድ በኩል አሁንም ያንጠባጥባል። ከጓሮ ያለው ባሕር ዛፍ ተቆርጦ በቦታው ፎቅ ቆሟል፤ ፀሐይ መኝታ ቤታችን የምትገባው ከረፋዱ በኋላ ነው። ታሪኩ ቡራዩ ያለውን የበርና የመስኮት ብየዳ ሥራውን አስፍቷል፣ ሆዱም አብሮ ሰፍቷል። ወንድምህ ገመቹ ከተፍኪ በየእሑዱ ይመጣል። ምሳ ይበላል፣ ጠመንጃህ ወደተሰቀለበት ግድግዳ ያያል፣ ይተነፍሳል፣ ይሄዳል።

ያን ብረት ወድጄው አላውቅም። ከብረቱ ይልቅ ደግሞ ስለ ብረቱ የምታወሩትን ነበር የምንቀው። አንዱ መሬት ለኪ፣ አንዱ ባለ እርሻ፣ ሁለት ያደጉ ወንድማማቾች እጃቸውን ታጥበው ይቀመጡና የሁለቱን ጠመንጃዎቻቸውን፣ የቤልጅግንና የምንሽርን ሙግት ይከፍታሉ። ገመቹ «ምንሽር ስበህ ትገፋለህ፣ አለቀ። የአንተን ቤልጅግ እጀታውን አንስተህ፣ ስበህ፣ ገፍተህ፣ መልሰህ እስክትጥለው ከርከሮው ሱሉልታ ገብቶ ይጠብቅሃል» ይላል። አንተ «ምንሽር የጥይት ማቀፊያው ከጠፋ ዱላ ነው። ደግሞ ከሥሩ ክፍት ነው፤ ጭቃ ይበላል። ቤልጅግ ሆዱን የዘጋ ጨዋ ነው» ትላለህ። «ክብደቱስ?» «ክብደቱ ያረጋዋል።» «ትከሻ ሲሰብርስ?» «ትከሻ ላለው ሰው አይሰብርም።» ከዚያ ትኮራረፋላችሁ። እኔ ሳህኑን አነሳለሁ።

እኔ የተማርኩት ጥፍራችን ታይቶ ክፍል በምንገባበት ዘመን ነው። «ይሻላል» ያለች ልጅ በምን እንደሚሻል፣ ለምን ሥራ እንደሚሻል፣ በምን ተመዝኖ እንደሚሻል ካላስረዳች ቆማ ትውላለች። የኛ መምህርት እናንተን ብታገኛችሁ ኖሮ እስከ ዛሬ ቆማችሁ ነበር። ሥራው ምን ነበርና? ገበሬ ድንቹን የሚፈነቅልበትን ከርከሮ ግደሉልኝ ብሎ ይጠራችኋል፤ ትሄዳላችሁ፤ አንዱን ትጥሉታላችሁ። ሥጋውን እናንተ አትበሉትም፣ ገበሬውም አይበላውም፤ ጅብ ይበላዋል። ለጅቡ በየትኛው ጠመንጃ እንደሞተለት ግድ የለውም። ክርክሩ ግን እስከሚቀጥለው ከርከሮ ይቀጥላል።

ከዚያ ሁሉ የምወደው አንድ ነገር ነበር፤ ነግሬህ ስለማላውቅ አሁን ልንገርህ። ከአደን ስትመለስ በረንዳ ላይ ጠመንጃህን ታጥብ ነበር። ውሃውን የማፈላው እኔ ነኝ፤ አንተ አፈሙዙን ወደ ታች ዘቅዝቀህ ትይዛለህ፣ እኔ ከላይ በጠባቡ ማንቆርቆሪያ አፈስልሃለሁ። ጥቁሩ ውሃ ወጥቶ ንጹሑ እስኪመጣ አንነጋገርም። ከዚያ በጨርቅ ታደርቀዋለህ፣ ዘይቱን በላባ ትቀባዋለህ፣ አንድም ጊዜ አብዝተህ አታውቅም። ሥራ የሚያውቅ ሰው እጅ ማየት ደስ ይለኛል። ስለ ጠመንጃ ስታወራ የማላከብርህን ያህል ስታጥበው አከብርህ ነበር።

ሕመሙ ሲጠናብህ ስለ ጠመንጃው ጠየቅኩህ። «ለሚያውቀው ስጪው» አልከኝ። ስም አልጠራህም። ጥያቄውን ለእኔ ትተህልኝ ሄድክ፤ እኔም በሄድክበት ሰዓት ሳይቀር ተናደድኩብህ።

ሙት ዓመትህ ሲከበር ገመቹ ምን እንዳደረገ ስማ። በአባቶቻችሁ ወግ ትልቅ አውሬ የገደለ ሰው አናቱን ቅቤ ይቀባል። አንተ ከከርከሮ በላይ ገድለህ አታውቅም። ወንድምህ ግን ወንድሜ ሳይከበር አይቅር ብሎ፣ ክብሩን ለጠመንጃህ ሊሰጥ አስቦ፣ ከግድግዳው አውርዶ ለጋ ቅቤ ቀባው። ከአፈሙዙ እስከ ሰደፉ። እጀታውን ስቦ ከፍቶም በጣቱ ወደ ውስጥ ጨመረለት። እንግዳው ሁሉ አለቀሰ። እኔ ድስት ጥጄ ስለነበር አላየሁም። ያወቅኩት በሳምንቱ ነው፤ ቅቤው ሸቶ፣ አይጥ ግድግዳውን ወጥታ ማንገቻውን በልታው። «ገመቹ፣ ይሄ ጠመንጃ ነው ወይስ ሙሽራ?» አልኩት። «እትዬ አስካለ፣ ወግ ነው እኮ» አለኝ። «ለሰው የተሠራን ወግ ለብረት ካደረግከው ወግ መሆኑ ይቀርና ዝገት ይሆናል» አልኩትና ውሃ አፈላሁ። የሚያፈስልኝ ስላልነበረ ሰደፉን ወንበር ላይ አስደግፌ ብቻዬን አጠብኩት። ዘይቱን በላባ ቀባሁት። አብዝቼ እንደሆነ አላውቅም።

በዚህ ክረምት መግቢያ ከፖሊስ ጣቢያ ሰው መጣ። የሟች ጠመንጃ በሟች ስም አይቆይም፤ ወደ ወራሽ ስም ይዞራል ወይም ለመንግሥት ይመለሳል፤ ሐምሌ ሳያልቅ ወስኑ አለኝ። ወሬው ከሰውየው ቀድሞ ተፍኪም ቡራዩም ደረሰ። ዕድሜውን ሙሉ ቤልጅግን ሲሰድብ የኖረው ወንድምህ በማግስቱ ጠዋት ከደጄ «አካም ቡልቴ»፣ እንደምን አደሩ እያለ ገባ። እንዲህ ያለ ብረት ዛሬ ከየት ይገኛል አለ። የወንድም ጠመንጃ ለወንድም ነው አለ። አንተ ሳለህ ምን ይለው እንደነበር አስታወስኩት፤ ሳል ያዘው።

ታሪኩ ደግሞ ከእሱ ይብሳል። ይህ ልጅ በዕድሜው የተኮሰው ነገር ቢኖር ርችት ነው። ግን ስልኩን ከፍቶ ነጮች ጠመንጃ ሲያወዳድሩ ሲያይ ያመሻል። የቼኩ ለስላሳ ነው፣ የጀርመኑ አይስትም፣ የአሜሪካው ለዋጋው ወደር የለውም፤ ይህን ሁሉ የሚነግረኝ አንዱንም በእጁ ሳይነካ ነው። አሥር ኪስ ያለው የአዳኝ ሰደርያ ገዝቷል፤ በአንዱ ኪስ የመኪናው ቁልፍ አለ፣ ሌሎቹ ባዶ ናቸው። «እማዬ፣ የአባዬን ጠመንጃ ዘመናዊ ላድርግልሽ» ብሎ ወስዶት ነበር፤ እኔም ምን እንደሚያመጣ ለማየት ፈቀድኩ። በላዩ ላይ ትልቅ የማነጣጠሪያ መነጽር አስሮበት መጣ። እንደ አዲስ ሙሽራ ጠረጴዛ ላይ አጋደመው። እኔ እጀታውን ይዤ ላነሳ ስል መነጽሩን መታና ቆመ። ደግሜ ሞከርኩ፤ መታና ቆመ። የማይከፈት ጠመንጃ አምጥቶልኛል። ጥይት የማይገባበት፣ ግን ሩቅ የሚያሳይ። «ችግር የለውም» አለኝ፣ «እጀታውን በእሳት አሙቄ ላጥፈው። ውጭ አገርም እንዲህ ነው የሚያደርጉት።» «የሚያደርጉት ሰዎች የሚያደርጉትን ያውቃሉ» አልኩት። «አንተ የምታጥፈው የመስኮት ብረት ነው። ፍታልኝ።» ፈታልኝ። መነጽሩን አሁን ከሰገነቱ ላይ የጎረቤት ልብስ ያይበታል መሰለኝ።

እንግዲህ አስበው ጉደታ። አንዱ ቅቤ ያጎርሰዋል፣ አንዱ መነጽር ያደርግለታል። የሚያውቀው ማነው? ማንም አልመሰለኝም። ስለዚህ ለመንግሥት እመልሰዋለሁ ብዬ ለሁለቱም ነገርኳቸው። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ነገር ተስማሙ፤ እኔ ጨካኝ በመሆኔ። ታሪኩ «አባዬ ቢሰማሽ» አለ። ቢሰማኝ «ስም ስላልጠራሁ ነው» ባለ ነበር።

በቀጠሮው ቀን ጠመንጃህን በጋቢህ ጠቅልዬ ያዝኩ፤ ታሪኩ በመኪናው ጣቢያ አደረሰኝ። ገመቹ በር ላይ ቆሞ ጠበቀን፤ ዝናቡ ባርኔጣውን አበስብሶታል። ልታስቆመኝ መጣህ ወይ አልኩት። «ልሸኘው ነው» አለኝ። አልፌው ገባሁ።

የተቀበለን ፖሊስ ወጣት ነው፤ ጨዋ ልጅ ነው፣ ወንበር ሰጠኝ። ጋቢውን ገልጦ አየና ለሚመዘግበው ባልደረባው «አንድ ምንሽር፣ አሮጌ» ብሎ ጠራ።

«ምንሽር አይደለም ልጄ» አለ ገመቹ ከኋላዬ።

«አባባ፣ አሮጌ ሁሉ ምንሽር ነው» አለ ልጁ እየሳቀ። «ደግሞ ወደ መጋዘን ለሚገባ ብረት ምን ለውጥ አለው?»

እኔ በልቤ ከፖሊሱ ጋር ተስማምቼ ነበር። ምን ለውጥ አለው? ስጠይቅ የኖርኩትን ጥያቄ ነው የጠየቀው። ወንድምህ ግን ባርኔጣውን አወለቀ። ጠረጴዛውን ተደገፈ። ያለውን ቃል በቃል እጽፍልሃለሁ፣ ሌላ ሰው እንዳያሳምርልህ።

«ምንሽር እኔ ቤት አለ። ዕድሜዬን ይዤው ኖሬያለሁ። ገፈርሳ፣ ከግድቡ በላይ ካለው የድንች ማሳ ውስጥ ተንሸራትቼ ወደቅኩ፤ ጭቃ በላና አልቀባበል አለኝ። ከርከሮው መጥቶ ጭኔን ቀደደኝ። ሊደግመኝ ሲል ከላዬ ላይ የጣለው ይሄ ነው። ወንድሜ ነው የተኮሰው። ቤት ስንመለስ ሽቦ ቆረጠኝ አልኩ። እሱም ሽቦ ነው አለ። ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ተከራከርን፤ አንድ ቀን አላነሳብኝም። ቤልጅግ ብለህ ጥራው።»

ፖሊሱ «ቤልጅግ» ብሎ ጠራ። ታሪኩ መሬት መሬት ያይ ነበር።

ያን ቁስል ያጠብኩት እኔ ነኝ። የጭኑ ቆዳ ሁለት ቦታ ተከፍሎ ነበር፤ ሽቦ እንዲህ ይቆርጣል ወይ ብዬ ስጠይቅ አንተ መስኮቱን ታይ ነበር። ማሸነፊያህን ይዘህ፣ በየእሑዱ ስለ ክብደትና ስለ ትከሻ ስትጨቃጨቅ፣ በአንድ ቃል አፉን ልትዘጋው ስትችል፣ ሳታደርገው ሞትክ። እኔ ደግሞ ሳህን እያነሳሁ ሁለት ሞኞች አሉኝ እል ነበር። አንድ ብቻ ነበረኝ። በጣቢያው ውስጥ አላለቀስኩም። እዚያ ማልቀስ ተገቢ አይደለም።

ገመቹ ደግሞ፣ አልዋሽህም፣ ከናቅኩት በታች ወረደብኝ። እያወቀ ነው ለካ ያን ሁሉ ዘመን ሲከራከርህ የኖረው። ነገር ግን ጠመንጃውን ያውቀዋል። አንተ የጠየቅከኝ ለደግ ሰው ወይም ለቅን ሰው ስጪው ብለህ አይደለም። ፖሊሱን «በእሱ ስም ይዙርልኝ» አልኩት።

ልጁ አንድ ሰው በስሙ ሁለት ጠመንጃ አይፈቀድለትም አለ። «አባባ፣ አንዱን ይምረጡ።»

ገመቹ ሳያስብ መለሰ ብልህ ደስ ይልህ ነበር፤ ግን ብዙ አሰበ። በሚቀጥለው ሳምንት ምንሽሩን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ በተፍኪ ሚኒባስ መጣ። ረዳቱ ምን እንደሆነ ሲጠይቀው «የድሮ ጓደኛዬ ነው» ብሎታል አሉ። ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጠው እጁ ከሰደፉ ላይ ቶሎ አልተነሳም። ዞር ብዬለት የማስታወቂያ ሰሌዳውን አነበብኩ። ከዚያ ቤልጅግህን ተረከበ፤ እኔም ጠባቡን ማንቆርቆሪያ ጨምሬ ሰጠሁት፣ ቅቤ እንደማይገባበትም አስማልኩት።

ይህ ሁሉ አልፎ ባለፈው እሑድ መጣ። ምሳውን በላ፣ እጁን ታጠበ፣ ተቀመጠ። እኔ ሳህን ላነሳ ስል ጀመረ። ቤልጅግ ማለት እንዲህ ነው፣ ቤልጅግ ማለት እንዲያ ነው፤ ከክርስትና እምነቱ በላይ አመነበት። ታሪኩ በሰደርያው ሆኖ ራሱን ይነቀንቃል። የሚቃወም የለም። ቤቱ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ እያወራ ሌላው ሲስማማ እንዴት እንደሚያስጠላ ታውቀዋለህ። ያን ጊዜ ነው አለመኖርህ የገባኝ፤ በቀብርህ ቀን እንኳ እንዲህ አልገባኝም።

ሳህኑን አስቀምጬ ተቀመጥኩ። «ከተፍኪ አውራ መንገድ እስከ ቤትህ ያለውን ዳገት ቤልጅግ ተሸክመህ ስትወጣ ስንት ጊዜ አረፍክ?» አልኩት።

«እትዬ፣ አንቱ ደግሞ ስለ ጠመንጃ ምን ያውቃሉ?» አለኝ።

«ምንሽር ብትይዝ ኖሮ አንድም ጊዜ አታርፍም ነበር» አልኩት።

ፊቱ ቀላ። ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋ። እስኪመሽ ተከራከርን። ምንሽርን እንደማልወደው፣ የትኛውንም እንደማልወድ አንተ ታውቃለህ። ግን እሱ የአንተን ወገን ከያዘ የእሱን ወገን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። ጤና እስካለኝ ድረስ በየእሑዱ እይዛለሁ፣ አንድ ነጥብም አልለቅለትም። ነገር ሲያነሳብኝ የምመልሰው አለኝ፤ ገፈርሳን ግን እኔም አላነሳበትም።

ባለቤትህ አስካለ
ሰበታ