ከቄራችን የመጣው እሳት

ጎንደር፣ መጋቢት 23 ቀን 2005 ዓ.ም.

ውድ የትነበርሽ፣

ጤናሽን ሳልጠይቅ ወደ ጉዳዩ ብገባ የድሮ መምህራችን ከመቃብር ተነሥተው ወረቀቱን ይቀድዱብኛል። ሳልሽ እንዴት ሆነልሽ? የባሕር ዳር ሙቀትስ ተስማማሽ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። አሁን ዋናውን ልንገርሽ፦ ቤትሽን አትሽጪው። ልጅሽ ፋንታሁን የሽያጭ ውል ይዞ ቢመጣ አትፈርሚ። ገዥው የኔው ልጅ አብዱልመናን ነበር፤ አሁን ግን ሐሳቡን ትቶታል።

አምና ክረምት አውቶቡስ ስትሳፈሪ ያልሽኝን አልረሳሁም። «ፈህሚያ፣ ያ ሽታ ሲጠፋ ጻፊልኝ፤ እስከዚያ አትጻፊ» ነበር ያልሽው። ቃልሽን አከበርኩ። ብዕር አንሥቼ የተውኩባቸው ቀናት ግን ብዙ ናቸው።

ባለቤቴ ቡሽራ በሕይወት ሳለ ቄራው ትንሽ ነበር፤ አንቺንም ሆነ ማንንም አላስቸገረም። አብዱልመናን ኩባንያ ካደረገው በኋላ ግን እርዱ በዛ። ፈርሱና ደሙ ከአጥርሽ ሥር ባለው ቦይ መውረድ ጀመረ። አንቺ መስኮት ዘግተሽ ስታስዪ በግድግዳው በኩል እሰማሽ ነበር። ለልጄ ስነግረው አንድ ነገር እናደርጋለን ይለኛል፤ ያ አንድ ነገር ግን ሳይደረግ አንቺ ሄድሽ።

ከሄድሽ በኋላ የከተማው ጤና ሰዎች መጡ። ወይ ቆሻሻውን ከነሽታው አስወግድና ጎረቤት ይስማማልህ፣ ወይም በዙሪያህ ያሉትን ቤቶች ገዝተህ ከሰው ራቅ፣ አለዚያ እንዘጋዋለን አሉት። የመጀመሪያው ቤት ያንቺ ነው። አፍርሶ የቆዳ መጋዘን ሊሠራበት አሰበ፤ ከፋንታሁን ጋርም ተነጋገረ። ይህን የሰማሁ ቀን ምሳ አልበላሁም። የሰው ቤት ገዝተህ ከምታፈርስ የራስህን ጓሮ ቆፍር አልኩት። እሱም አዲስ አበባ ሥልጠና ላይ ያየው ነገር ነበረና የባዮጋዝ ጉድጓድ አስቆፈረ። ፈርሱ እዚያ ገብቶ ይብላላል፤ ከላይ ጋዝ፣ ከታች ማዳበሪያ ይወጣል። ጋዙ ከቄራው ፍላጎት በላይ ስለሆነ በቧንቧ ለጎረቤት ወጥ ቤቶች እሰጣለሁ አለ። ጎረቤት ጋዙን ከተቀበለው ተስማማ ማለት ነውና ቤትሽ ይተርፋል፤ ካልተቀበለው ይሸጣል። ነገሩ እዚህ ላይ ቆመ።

ልጄ ታዲያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? በሁዳዴ የመጀመሪያ ሳምንት የሰፈሩን ሴቶች ቄራው ግቢ ጠራና በአዲሱ እሳት ሽሮ አሠርቶ አቀረበላቸው። አንዲትም ሴት እጇን አልዘረጋችም። እግዜር ይስጥልን ብለው፣ እሳቱንም አመስግነው ወጡ። እሱ ፊቱ ጠቁሮ ገባ።

«እማ፣ ጠሉት። የወይዘሮ የትነበርሽን ቤት ከመግዛት ሌላ መንገድ የለኝም።»

«ድስቱ የማን ነበር?» አልኩት።

አእምሮዬን የሳትኩ መስሎት አየኝ። «የኛ ነዋ።»

ተመልከቺልኝ። በገዛ ሰርጉ የክርስቲያን እንግዶቹን ወጥ አንቺ በራስሽ ወጥ ቤት፣ በራስሽ ድስት አልነበረም የሠራሽው? ሥጋ የተቀቀለበት የእስላም ድስት ለጦመኛ ይቀርባል? በዚህ ሰፈር ተወልዶ አድጎ ይህን መርሳቱ ከሽታው ይልቅ አናደደኝ።

በማግስቱ ምርኩዜን ይዤ ይመኙሽ ቤት ሄድኩ። አጥርሽ ማዶ ያለችውን፣ አፏ የማያርፈውን ይመኙሽን ታስታውሻታለሽ። ነገሩን ስነግራት እስክትንቀጠቀጥ ሳቀች። «እትዬ ፈህሚያ፣ ልጅዎ ሸጋ ነጋዴ ነው፤ ለማጀት ግን አልተፈጠረም።» ቀጥላ ግን ሳቋን ዋጥ አድርጋ የድስቱ ነገር ቀላል እንደሆነ፣ ሴቶቹን የከበዳቸው እሳቱ ራሱ እንደሆነ ነገረችኝ። በእስላም ቢላ ከታረደ ከብት ሆድ የወጣ እሳት ነው፤ ያውም በጦም። የነፍስ አባቷን ቄስ አንዱዓለምን ሳትጠይቅ ምንም እንደማታደርግ ቁርጡን አስታወቀችኝ። እኔም ልክ ነሽ አልኳት። አንቺም ብትሆኚ ያንኑ ታደርጊ ነበር።

ቄሱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጡ። ጉድጓዱን ዞረው አዩ። እኔ አጥሩን ተደግፌ እጠብቅ ነበር፤ የቤትሽ ጉዳይ በእሳቸው አፍ ላይ ነበርና።

«ኩበት ስታነጂ የማን ከብት እንደሆነ ጠይቀሽ ታውቂያለሽ?» አሏት ይመኙሽን።

«ኩበቱማ ከታረደ ከብት አይወጣም፣ አባ።»

«ፈርሱስ ሥጋ ነው እንዴ? በሬው ሳይታረድ የበላው ሣር ነው። እሳቱን ተቀበሉ። ድስቱ ግን የየራሳችሁ ይሁን።»

ይመኙሽ ድስቷን ከቤቷ ይዛ መጣች። በዚያው ቀን የሠራችውን ሽሮ ሴቶቹ ጠርገው በሉት። እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ፤ ለማንም አልተናገርኩም።

ከጉድጓዱ የሚወጣውን ማዳበሪያ መኪና ወደ አምባ ጊዮርጊስ ይወስደዋል። በግ የሚያቀርቡልን አያ ቢያዝን መጀመሪያ «ምነው የከተማ ጭቃ ታመጡብኛላችሁ» ብለው ተቆጥተው ነበር። አሁን ነጭ ሽንኩርታቸው ላይ አፍስሰው፣ መኪናው ሲዘገይ ሰው ይልካሉ። አብዱልመናንም ለቤትሽ ያዘጋጀውን ገንዘብ ከእሳቸው ጋር በግ ማድለቢያ ላይ አዋለው። ቆዳውንም እዚያው ያከማቻል።

አንቺ ግን ሰው ነገረኝ ብለሽ የምታምኚ አይደለሽም፤ እኔም አይደለሁም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት አጥርሽ ሥር እየቆምኩ አሸተትኩ። አብዱልመናን ተቆጣጣሪ መጣች እያለ ይስቅብኛል። ነፋሱ ከቄራው በኩል እስኪነፍስ ጠበቅሁ። ትናንት ነፈሰ። ከአጥርሽ ሥር የተከልሽው ጤናዳም ሸተተኝ። ስንት ጊዜ ሆነኝ እሱን ካሸተትኩ!

በተውሽልኝ ቁልፍ ወጥ ቤትሽን ከፍቼ ቧንቧውን አስገብቼልሻለሁ። ምድጃው ተተክሏል፤ ክብሪቱም መስኮቱ ላይ ነው። ድስቶችሽን አልነካሁም፣ ማንንም አላስነካሁም። እሳቱንም አልለኮስኩትም፤ አንቺ ነሽ የምትለኩሺው።

ለፋሲካ ድረሺ። ሥጋውን ከናንተው ሰው ግዢ፤ እሳቱ ከኛ ነው።

ሽታው በመጥፋቱ የጻፈችልሽ፣
ፈህሚያ