የይርጋ እግር ያለበት ሸራ

ሐሙስ፣ ኅዳር 18። ገንዳ ውሃ።

ሥዕሎቼን አዲስ አበባ የሚያደርሰው መኪና ነገ ይመጣል። ጠዋት ትልቁን ሸራ ልጠቀልል ስል ስማቸው የሚባለው ልጅ መጣ። አምና ኮኪት ላይ ሰሊጥ አራግፈው ሲጨርሱ፣ እግራቸውን የተቃጠለ የትራክተር ዘይት አስነክሬ ሸራዬ ላይ ካስኬድኳቸው የጎጃም የቀን ሠራተኞች አንዱ ነው። ያን ቀን እብድ ናት ብለው ስቀውብኛል። አዲስ አበባ ኤግዚቢሽን የሚያዘጋጁልኝ ሰዎች ግን አሠራሬን ወደውታል፤ ለኤግዚቢሽኑ ዋናው ሥራ ያ ሸራ ነው።

ያኔ አብሮት ሸራው ላይ የሄደው ጓደኛው ይርጋ በዚህ ክረምት በወባ ሞቶ እዚሁ ተቀበረ። ስማቸው አሁን ወደ አገሩ ሊገባ ነው። በነሱ አገር፣ ሰው ርቆ ሲሞት ልብሱ ወጥቶ ነው የሚለቀሰው።

"የለበሳትን እንደለበሰ ተቀበረ" አለኝ። "ፎቶም የለው። እናቱ ምን ይዘው ያልቅሱ፣ እትዬ?"

ሸራውን ዘረጋሁለት። ተንበርክኮ ሲፈልግ ቆየና ትንሿ ጣት የሌለችበት እግር ላይ እጁን አሳረፈ።

"ይቺው ናት።"

መቀስ አመጣሁ። ማልቀስ የነበረብኝ ይመስለኛል፤ ምንም አልመጣልኝም። ቆርጬ ሰጠሁት። በጋቢው ጠቅልሎ ጉያው ውስጥ ከተታት። የቀረው ሸራ፣ መሀሉ ተቦድሶ፣ እስካሁን መሬት ላይ እንደተዘረጋ ነው።

ከሰዓት በኋላ ከኤግዚቢሽኑ ቤት ደወሉ።

"ዋናው ሥራ ተዘጋጀ?"

"እሱማ ጎጃም ሄደ" አልኳቸው። "ለቅሶ አለበት።"