ጠርዙ የሚለካው ከመሐል ነው

ይድረስ ለምሳሳላት እናቴ፣

እማዬ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንዴት ከረምሽልኝ? ጉልበትሽ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ያጉረመርማል? የዓይን ጠብታውንስ በሰዓቱ ታደርጊያለሽ ወይስ ጠርሙሱ መስኮቱ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል? እኔ ደህና ነኝ። ባለቤቴም ደህና ነው፤ ወገቡን ያመዋል፣ ግን ሐኪም ቤት ሂድ ሲሉት ይድናል። የልጅ ልጅሽ ሁለት የፊት ጥርሷ ወልቆ እንደ አሮጊት እያፏጨች ታወራለች። ናፍቀሻታል።

እዚህ ቦታ ላይ ሁልጊዜ ኩታራው ወንድሜ ሰላም ይልሻል ብዬ እጽፍ ነበር። ዛሬ አልጽፍም። ለምን እንደማልጽፍ በቀጥታ ልንገርሽ ብዬ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ። ስለዚህ ከአልጋ ልብሱ ልጀምርና መድረስ ያለብኝ ቦታ ስደርስ እደርሳለሁ።

ከቤተሰባችን አሮጌ ልብስ የገጣጠምሽውን አልጋ ልብስ፣ ጠርዙን እንድሰፋለት የአውቶቡሱ ሾፌር ካመጣልኝ ወር አለፈው። ፊቱ እንዳይቆሽሽ ብለሽ ያረጀ አንሶላ በላላ ክር ሰፍተሽበት ነበርና አንሶላውን አልፈታሁትም፤ ዳር ዳሩ ይታየኛል፣ ጠርዝ ለመስፋት ደግሞ ዳሩ ይበቃኛል አልኩ። እውነቱን ለመናገር ፊቱን ማየት ፈርቼ ነው። ያንቺ ሕግ የታወቀ ነው፤ መሐሉ ለሄዱት፣ ዙሪያው በሕይወት ላለነው። ብርድ እንዳይገባባቸው እኛ ዙሪያቸውን እንይዛለን ትይን ነበር። ኩታራው ታዲያ እንደዚያ ከሆነ ጥግ ላይ የሚሰፋው ሰው በሁለት በኩል ይበርደዋል፣ እኔን ጥግ እንዳታደርጊኝ እያለ ይከራከርሽ ነበር። የአባዬን ኮት ማየት አልፈለግሁም፤ ሌላም ሌላም ነገር ማሰብ አልፈለግሁም።

ከአልጋ ልብሱ ጋር የላክሽውን ብጣሽ ወረቀት ግን ደጋግሜ አነበብኩት። ለጠርዙ ያንቺን የቤት ቀሚስ ልከሻል፤ የኔን፣ የባለቤቴን፣ የልጄን እንድጨምር ታዝዣለሁ። ከታች ደግሞ እንደ ልማድሽ ከዳር እንዳትለኪ፣ መሐሉን ዘርግተሽ ከመሐል ለኪ ብለሽ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምረሽበታል። የኩታራው ልብስ አልተጠቀሰም። እናት ወንድ ልጇን ትረሳለች? ዕድሜ ነው ብዬ ደመደምኩ። አጠገቤ ብትሆኚ ኖሮ ለዚህች ሐሳብ ብቻ በማንኪያ አናቴን ትይኝ ነበር።

ረስታዋለች ብዬ እኔ አስታወስኩልሽ። የሱ ጨርቅ ከጠርዙ ከጎደለ ጣትሽ በአንድ ዙር ያውቀዋል፤ ካወቀው ደግሞ አስራ አንድ ወር ሙሉ የሠራሁት ሁሉ ይፈርሳል። ስለዚህ ሰማያዊ ሸሚዙን ከበሩ ጀርባ አወረድኩት።

ስለዚያ ሸሚዝ ልንገርሽ። ከአስራ አንድ ወር በፊት አንድ ማክሰኞ ሁለት ቀለም ቀቢዎች፣ የሥራ ጓደኞቹ፣ ቦርሳውን ይዘው መጥተው ደረጃችን ላይ ቆሙ። የሕንፃው መወጣጫ፣ ሦስተኛው ፎቅ፣ ወደቀ እያሉ አንዱ የጀመረውን ሌላው እየጨረሰ ነገሩኝ፤ እኔ ግን የማየው ሸሚዙን ነበር። አራት ማዕዘን አድርገው አጥፈውት ነበር። ኩታራው በሕይወቱ ሸሚዝ አጥፎ አያውቅም። ዘርግቼ በሩ ጀርባ ሰቀልኩት፤ በዚያው ቀረ። ልጄ ትምህርት ቤት ስትሄድ አጎቴ ደህና ዋል ትለዋለች። ባለቤቴ አንድ ቀን ቁም ሣጥን ውስጥ ቢከተው መልሼ ሰቀልኩትና ራታችንን በላን። ደረጃውን ታስታውሺያለሽ፣ እሱ ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ነበር የሚወጣው። አሁንም ከሰዓት በኋላ ቤቱ ጭር ሲል ሁለት ሁለት እየዘለለ የሚወጣ እግር እሰማለሁ። እከፍታለሁ። ማንም የለም። ለባለቤቴ ነግሬው አላውቅም፤ አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።

ሸሚዙን ስቆርጠው ቀለም የደረቀበት ቦታ ላይ መቀሱ እየተሰናከለ አስቸገረኝ። ስሰፋውም ሁለት መርፌ ሰበረብኝ። ቢሆንም ጨረስኩ። የአምስታችንን ጨርቅ በየተራ እየገጣጠምኩ፣ እያንዳንዱን ብጣሽ ስምንት ሳንቲሜትር አድርጌ፣ የመጀመሪያውን ጎን በሃያ ሰባት ብጣሽ ሞላሁት። ካውያ አሳረፍኩበትና ከአልጋ ልብሱ ጋር አያያዝኩት። አልተኛም አለ። ዳሩ ተነፍቶ፣ ተጨማዶ፣ እጄን ባሳርፍበት በሌላ በኩል ይነሳል። ተረተርኩት። ከሌላኛው ጫፍ ጀምሬ ደግሜ ሰፋሁት፤ አሁንም አንድ ብጣሽ ይተርፋል። ከየትም ብጀምረው መጨረሻ ላይ ቦታ አጥቶ የሚንጠለጠለው የሱ ሰማያዊ ነው። በሦስተኛው ጊዜ ይሄ ልጅ አሁንም ይቀልድብኛል ብዬ ለመሳቅ ሞከርኩ። ግን ፈርቼ ነበር፣ እማዬ። መብራት ሳላጠፋ መተኛት የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው።

አሁን ደብዳቤዎቹ ጋ ደረስኩ። በየወሩ መጀመሪያ ሁለት ደብዳቤ ይደርስሽ ነበር፤ አንዱ ከኔ፣ አንዱ ከሱ። የሱንም እኔው ፊደሎቹን አጋድሜ፣ ወረቀቱን ትንሽ አቆሽሼ እጽፈው ነበር። ጽሑፉን መምሰል አላቃተኝም፤ ቀልዱን ግን ከየት ላምጣው? እሱ አንቺን «አለቃዬ፣ በዚህ ወር ስንት ቅጣት ተመዝግቦብኛል?» ብሎ ነበር የሚጀምረው። እኔ «አለቃዬ» ብዬ ልጽፍ ብዕሩን ሳነሳ እጄ እምቢ ይለኛል። ስለዚህ ውድ እናቴ እንደምን አለሽ፣ እኔ ደህና ነኝ፣ ሥራም ደህና ነው ብዬ እዘጋዋለሁ። ባለቤቴ ንገሪያት፣ ይሄ ነገር ልክ አይደለም ብሎ ብዙ ወተወተኝ። ልቧ አይችልም አልኩት። የማን ልብ ነው የማይችለው ብሎ ጠየቀኝ። ሁለት ቀን አኮረፍኩት።

ጠርዙ አልሆን ሲለኝ አልጋ ልብሱን ተሸክሜ ወደምሠራበት መጋረጃ ቤት ወሰድኩት። ጨርቅ ቆራጩን ታውቂዋለሽ፣ ልጄ ስትወለድ ትልቁን አንሶላ የሰጠን ሽማግሌ። ሜትሩን ዳሩ ላይ ዘረጋው፣ ሳቀብኝ። ይህን ያህል ዓመት መጋረጃ ሰፍተሽ ከዳር ትለኪያለሽ ወይ አለኝ። ዳሩን ሁሉም ሰው ሲይዘውና ሲጎትተው ይለጠጣል፤ መሐሉን ግን ማንም ስላልጎተተው ልኩ እዚያ ነው ብሎ አስረዳኝ። እናቴም ይህንኑ ጽፋልኛለች ስለው፣ ታዲያ እናትሽን ከመስማት ምን ከለከለሽ አለኝ። ከመሐል ለመለካት አንሶላው መነሳት ነበረበት።

እሑድ ቀን ባለቤቴና ልጄ ሲወጡ ወለሉን ጠርጌ አልጋ ልብሱን ዘረጋሁትና በላላ ክር የሰፋሽውን አንሶላ ፈታሁት። ቀትር ላይ ነበር፤ ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ ፊቱ ላይ አርፋለች። ሜትሩን ይዤ ተንበረከክሁ። የአያቴን ባለ ነጠብጣብ ሻሽ አየሁት። መሐል ለመሐል የአባዬን ግራጫ ኮት አየሁት። ከአባዬ ኮት ጎን፣ ስፌት ለስፌት ተጣብቆ፣ የትምህርት ቤት ሸሚዝ ኪስ አየሁ። ኩታራው አራተኛ ክፍል እያለ እስክሪብቶ የፈሰሰበት ኪስ። ያን ቀን ሸሚዙን ስታጥቢ ያየሁሽ መስሎኛል፣ ቀለሙ እምቢ ሲልሽ እንዴት እንደተራገምሽ።

የኪሱን አፍ አልሰፋሽውም ነበር። ሁለት ጣቴን ከተትኩበት። ባዶ ነው። ጎረቤት የከፈተው ሬዲዮ ዘፈኑ አልቆ ዜናው ሲጀምር ጣቶቼ አሁንም እዚያው ነበሩ።

እማዬ፣ እኔም የተማርኩት ካንቺ ነው፤ አልጋ ልብስ ከመሐል ተጀምሮ ወደ ውጪ ያድጋል። መሐል ያለው መጀመሪያ የተሰፋው ነው። እጄ ሥራ እንዳይፈታ አንድ አልጋ ልብስ ጀምሬያለሁ ብለሽ የጻፍሽልኝ ከዘጠኝ ወር በፊት ነው። ጎን ለጎን ያኖርሻቸው ያኔ ነው ማለት ነው። ማን ነገራት ብዬ ብዙ አሰብኩ። ማንም አልነገረሽም። «አለቃዬ» ሳይልሽ ጻፈልሽ፤ በቃ፣ ያ በቅቶሻል። እኔ እዚህ ፊደል ሳጋድል አንቺ እዚያ ኪስ ትሰፊ ነበር። ሁለታችንም አንዳችን ለሌላችን እየሳሳን።

አንድ የሚያሳፍረኝን ነገር ልጨምርልሽ። ለሱ የጻፍሽለትን መልስ አንዱንም አልከፈትኩትም ነበር። እንደመጣ በባዶ የቀለም ቆርቆሮው ውስጥ እከተዋለሁ። የሰው ደብዳቤ መክፈት ነውር ነው እያልኩ ራሴን አሳምኜ ነበር፤ በሰው ስም ደብዳቤ መጻፉ ነውር ያልመሰላት ሴትዮ። እሑድ ዕለት ቆርቆሮውን ወለሉ ላይ ደፋሁትና ከመጀመሪያው ጀምሬ አንድ በአንድ ከፈትኳቸው።

ሥራህ እንዴት ነው አላልሽውም። መቼ ትመጣለህ አላልሽውም። በሁሉም ውስጥ ያለሁት እኔ ነኝ። አንዱ ላይ እህትህ ምግብ እንዳትተው እይልኝ ብለሽዋል። አንዱ ላይ ከባሏ ጋር ስትጣላ እንደ ድሮው መሐል ገብተህ አሳቃቸው ብለሽዋል። የመጨረሻው አጭር ነው፤ እንዳለ ልጻፍልሽ። «ኩታራው፣ እህትህ ብቻዋን ይህን ሁሉ ተሸክማ እንደምትጽፍልኝ አውቃለሁ። እንዳወቅሁ አትንገራት፤ እስክትችል እጠብቃታለሁ። አንተ ብቻ እሷ ስትጽፍልኝ አጠገቧ ተቀመጥ።»

እማዬ፣ ይቀመጥ ነበር።

ጠርዙን ጨርሼዋለሁ። ከመሐል ለክቼ፣ በየጎኑ አንድ ብጣሽ ቀንሼ፣ በአራታችን ጨርቅ ሰፋሁት። ልክ ሆነ፤ አንድም ቦታ አይነሳም። ለሾፌሩ አልሰጠውም። ቅዳሜ በጠዋቱ አውቶቡስ ራሴ ይዤው እመጣለሁ፤ ከበረታሁ የሸሚዙን ሰማያዊ ብጣሾችም አመጣቸዋለሁ።

በር ላይ ቆመሽ እንዳትጠብቂኝ፣ ጉልበትሽ ነው። ገብተሽ አልጋሽ ላይ ተቀመጪና በሩን ክፍቱን ተይው። አስራ አንድ ወር ሙሉ አላለቀስኩም። አልፈልግም ብዬ አይደለም፤ ብቻዬን አልቻልኩበትም።

እስከ ቅዳሜ እጅሽን ከመርፌ፣ ቤትሽን ከክፉ ወሬ ይጠብቅልኝ። ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፤ የሱንም ቀሪ ላንቺ ያድርገው።

ያለሁልሽ ልጅሽ