ስለ ወደቀው ድንኳንና ስላልታጠበው ድስት

ለተከበሩ የስካውት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ከመሪነት የታገደችውን ልጃችንን ወደ ቦታዋ እንዲመልሱልን ስለመለመን

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት እንደ ሰነበተ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ወገብዎ ተሻለው? የድንኳኑ ምሰሶ ያረፈበት ትከሻዎስ? ፀጉርዎ ውስጥ ገብቶ የነበረው ደረቅ ሣር ሙሉ በሙሉ ለቀቀ? እኛ በሠፈራችን የስካውት ቡድን በበጎ ፈቃድ የምናገለግል አዋቂዎች እርስዎን ከማሰብ በቀር ምንም አልሆንንም። ልጆቹም ከአንዷ በቀር ደህና ናቸው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም ስለዚያችው ስለ አንዷ ነው።

ስሜን ብነግርዎ ላያስታውሱኝ ይችላሉ። እኔ በሳምንቱ ቀናት የሴቶች ፀጉር የምሠራ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ የፀጉር ማድረቂያ ካስኩንም መጠቅለያ ቢጉዲኑንም ለረዳቴ አስረክቤ ከልጆቹ ጋር ሜዳ የምውል ሴት ነኝ። ካምፓችንን ሊጎበኙ የመጡ ዕለት ተጣጣፊ ወንበርዎን ከመኪናዎ አውርጄ የዘረጋሁልዎት፣ እርስዎም ቀና ብለው ሳያዩኝ ትንሽ ወደ ጥላው እንዳደርገው ያዘዙኝ እኔ ነኝ። ከአጠገቤ ሁለት እጁን ኪሱ ከቶ የቆመው ረጅም ሰው ደግሞ የሠፈራችን ፋርማሲስት ነው። እጁን ኪሱ የከተተው እርስዎን ንቆ አይደለም፤ እርስዎን ታዝዞ ነው።

ምስጋናዬም ከዚሁ ይጀምራል። በዓመቱ መጀመሪያ ላይ «ልጆቹ ይምሩ» የተሰኘውን መመሪያ በፊርማዎና በማኅተምዎ አስጊጠው ስለላኩልን ከልብ አመሰግናለሁ። በመመሪያው መሠረት አዋቂ ከኋላ ይቆማል፤ ልጅ ሲሳሳት ዝም ብሎ ያያል፤ እርዳታ ካልተጠየቀም ጣልቃ አይገባም። ሲያነቡት ደስ ይላል፤ ሲሠሩት ግን ፍዳ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ፀጉር ስጎነጉን የኖርኩ ሴት፣ አንድ ትንሽ ልጅ ገመድ ሲያወሳስብ ቆሜ እንዳይ ሲፈረድብኝ፣ እጄ እኔን ጥሎ ብቻውን ሊሄድ ይደርሳል። ፋርማሲስቱማ እጁን ኪሱ ውስጥ ሲያፍን ሲያፍን ኪሱ ተቀዶ፣ ዛሬ ዛሬ ሳንቲም በከተተ ቁጥር በእግሩ በኩል ይወርድበታል።

ልጆቹም ይህን ድክመታችንን አይተው በመመሪያዎ ላይ የራሳቸውን ደንብ ጨመሩበት። ሳይጠየቅ እጁን ያስገባ አዋቂ፣ ማንም ይሁን ማን፣ የዕለቱን ድስት ያጥባል። ስፖንጁን የምትሰጠውም የቡድኑ መሪ ናት፤ ያለ ቁጣ፣ ያለ ስብከት፣ በሁለት እጇ። እኔ በዚህ ደንብ ብዙ ድስት አጥቤያለሁ። አንድ ቀን ባለቤቴ ሊወስደኝ መጥቶ ድስት ስፈገፍግ ቢያየኝ፣ ይህ ሁሉ ችሎታ እቤት ውስጥ የት ተደብቆ እንደ ኖረ ጠየቀኝ።

መሪያችን ማን እንደሆነችም ላስታውስዎ። ልጆቹ «ቀስበሉ» ይሏታል፤ ሌላ ትእዛዝ ስለማታውቅ ነው። ገመዱ ቢወሳሰብ ቀስ በሉ፣ ዝናብ ቢመጣ ቀስ በሉ፣ ሁለት ወንዶች ልጆች ቢቧቀሱ ቀስ በሉ። መጀመሪያ ወደ ቡድኑ የመጣች ጊዜ የነርስ እናቷን ነጭ ጋውን ጭምድድ አድርጋ ይዛ ነበር፤ ስሟን ስንጠይቃትም የነገረችው ለጫማዋ ነው። ከዚያች ልጅ ይህችን መሪ ያወጣነው እኛ አይደለንም። እኛ ያደረግነው ነገር ቢኖር እንደ መመሪያዎ አፋችንን ዘግተን መቆም ነው፤ እሱም ለእኔ ቀላል ሥራ አልነበረም። ድምፃቸው አገር የሚያናውጥ ልጆች ሞልተው ሳለ ለምን እሷን እንደ መረጡ ብንጠይቃቸው፣ ሰው እስኪጨርስ ስለምትጠብቅ ነው አሉን።

እንግዲህ ነገር በቁጥር ሲቀርብልዎ ደስ እንደሚልዎ ስለማውቅ፣ ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ እሳቱን ይመለከታል። ልጆቹ ሩዙን ለሰስ ባለ እሳት ጥደው ሳለ፣ እርስዎ ከወንበርዎ ተነሥተው ይህ ምኑ እሳት ነው በማለት ለሠርግ የሚበቃ እንጨት ስለማገዱበት እናመሰግናለን። ሩዙ ከታች ከሰል፣ ከላይ ጥሬ ሆኖ ቀርቦልናል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል አዋቂዎች ተከራክረን መስማማት አልቻልንም።

ሁለተኛ፤ ድንኳኑን ይመለከታል፤ ይህኛው ረዘም ስለሚል ይታገሡኝ። ሁለት ትንንሽ ልጆች ካስማውን ገልብጠው በደነዙ በኩል መሬት አስገብተው ሹል ጫፉን በመዶሻ ሲቀጠቅጡ ቀስበሉ አይታለች። ዝም ያለቻቸው እስኪገባቸው ድረስ ነበር፤ አንደኛው ቆም ብሎ ካስማውን ማገላበጥ ጀምሮም ነበር። እርስዎ ግን አላስቻልዎትም። ኮትዎን አውልቀው ለሾፌርዎ ሰጡ፤ መዶሻውን ከልጁ እጅ ወሰዱ፤ በልጅነትዎ ድንኳን በአንድ እጅዎ ይተክሉ እንደነበር አወጉን፤ ከዚያም ሁላችንንም ዞር በሉ ብለው ምሰሶውን ሊያቆሙ ብቻዎን ወደ ውስጥ ገቡ። ቀጥሎ የሆነውን እርስዎ ያዩት ከውስጥ በመሆኑ፣ ከውጭ እንዴት ይታይ እንደነበር ልንገርዎ። ድንኳኑ መጀመሪያ ቆመ። ቀጥሎ አዘነበለ። ከዚያ ተኛብዎት። ክቡርነትዎም ከሸራው ሥር ጉብታ ሆነው ከጥግ ጥግ ይዘዋወሩ ጀመር፤ በሩ ከሆድዎ በታች ስለነበረ በየትም በኩል ቢሄዱ ሊያገኙት አልቻሉም።

ፋርማሲስቱ ሊሮጥ ሲል ቀስበሉ እጇን ዘርግታ አስቆመችው። ወደ ጉብታው ተጠጋችና ጎንበስ ብላ ጠየቀችዎ።

«ጋሼ፣ እርዳታ ይፈልጋሉ?»

«አልፈልግም። ምንም አልሆንኩም።»

እሷም ወደ እኛ ዞር ብላ፣ አልጠየቁምና እንጠብቅ አለች። ሁላችንም ከኋላ ቆመን፣ እጃችንን ኪሳችን ከተን ጠበቅን። መመሪያዎ ከወጣ ወዲህ እንዲያ በሙሉ ልብ የተፈጸመበት ቀን የለም። መሀል ላይ ስልክዎ ጠራ፤ አንሥተውም ስብሰባ ላይ እንደሆኑና በኋላ እንደሚደውሉ ሲናገሩ ሁላችንም ሰማን። ልጆቹ ከንፈራቸውን ነክሰው ቻሉት፤ መቻል አቅቶኝ ከዛፉ ጀርባ የሄድኩት እኔ ነኝ። ቀስበሉ ግን ሳትስቅ ደጋግማ እየተጠጋች ያንኑ ጥያቄ አቀረበችልዎ፤ እርስዎም ያንኑ መልስ መለሱላት። በመጨረሻ ከሸራው ሥር አንድ ቀጭን ድምፅ እባካችሁ አውጡኝ ሲል፣ ገና ቃሉን ሳይጨርሱ ልጆቹ በአራቱም ማዕዘን ሸራውን አንሥተው አወጡዎት። እንዲህ ያለ ቅልጥፍና በሰልፍ ላይ እንኳ አይተንባቸው አናውቅም። እውነት ለመናገር፣ የመሪነት ትምህርት ማለት ይህ ከሆነ በዚያ ዕለት ከሁላችንም በላይ ያስተማሩት እርስዎ ነዎት።

ሦስተኛ፤ ስፖንጁን ይመለከታል። ልብስዎን አራግፋ፣ ውሃ አጠጥታ፣ ትንፋሽዎ ከተመለሰ በኋላ ነው ደንቡን አስረድታ በሁለት እጇ ያቀረበችልዎት። እርስዎም ስፖንጁን አዩ፣ እሷን አዩ፣ ከዚያ መኪናዎን አዩ። ወንበርዎን እንኳ ሳይወስዱ ሄዱ። ባለቤትዎ ደንበኛዬ ናቸው። በማግስቱ ካስክ ሥር ተቀምጠው፣ ባለቤታቸው ቀኑን ሙሉ ልጆችን የድንኳን አተካከል ሲያሠለጥን እንደ ዋለ በኩራት ሲያወሩ ሰማሁ። በሙያዬ ውስጥ አፌን ይዤ የቀረሁባት ቀን እሷ ብቻ ናት፤ ለእርስዎ ስል ነው።

አራተኛውን በቀልድ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም። በሳምንቱ ደብዳቤዎ ደረሰን። አዋቂን ባለማክበርና ኃላፊን ድንኳን ውስጥ በማቆየት ልጅቷ ከመሪነት ታግዳለች ይላል፤ በሚቀጥለው ወር ቡድኖች ሁሉ በሚገናኙበት ትልቅ ካምፕ በሰው ፊት ቆማ ይቅርታ ካልጠየቀችም ቡድኗን መርታ አትገባም ይላል። ደብዳቤውን ያነበብኩላት እኔ ነኝ። ፊሽካዋን ከአንገቷ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ከሰልፉ መጨረሻ ሄዳ ቆመች። ፊሽካው እስካሁን እዚያው ነው፤ አንዱን ልጅ አንሣው ብንለው እጁን ኪሱ ይከታል። ይቅርታ ትጠይቅ እንደሆነ ጠየቅኳት።

«ምን ብዬ? ሲጠይቁኝ ወዲያው አወጣኋቸው» አለች።

ይህን ያለችው ለእኔ አይደለም። ለጫማዋ ነው።

ያናደደኝ ይህ ነው ክቡር ሆይ፤ በትሕትና ቋንቋ ልለብጠው አልችልም። እናቷ ከሥራ ስትመለስ ፀጉር ቤቴ በር ላይ ቆማ፣ ልጇ እቤት ውስጥ እንኳ ድምፅዋን እንደ ቀነሰች ነገረችኝ። ደንበኛ አልቅሳ ስትመጣብኝ ፀጉሯን አጥቤ፣ አጽናንቼ፣ አስቄ የምሸኝ ሴት፣ እሷን ግን ደብዳቤ እንደምጽፍ ብቻ ነግሬ ሸኘኋት። አክብሮት ጎደለ ብለዋል። እንደኔ እንደኔ ግን በዚያ ሜዳ ላይ ከልቧ ያከበረችዎ እሷ ብቻ ናት። እኛ አዋቂዎቹ መመሪያዎን ያነበብነው ሥራ ነው ብለን ነው፤ እርስዎ የጻፉትም ሥራ ነው ብለው ይመስለኛል። እሷ ግን የጻፉት ሁሉ የምርዎ መሰላት። እርዳታ አልፈልግም ሲሉም አመነችዎ።

ስለዚህ የምንለምንዎ ትንሽ ነገር ነው። ከትልቁ ካምፕ በፊት አንድ ቅዳሜ ብቅ ብለው ፊሽካውን ከጠረጴዛው ያንሡና አንገቷ ላይ ያጥልቁላት። ቀና ብላ እንድታይዎ ትንሽ መጠበቅ ሊያስፈልግዎ ይችላል፤ አይቸኩሉባት። ንግግር ባያደርጉም ቅር አንሰኝም፤ እንዲያውም ደስ ይለናል። ወንበርዎም አብሮዎት ሊመለስ ተዘጋጅቷል፤ እስከዚያው ጥላ ጥላውን እያስቀመጥንልዎ ነው።

እንግዲህ የድንኳን ምሰሶ ሁሉ በፊትዎ ቀጥ ብሎ እንዲቆም፣ ሸራም ከራስዎ በላይ እንጂ ከራስዎ ላይ እንዳይሆን እየተመኘሁ፣ መመሪያዎን ቃል በቃል የማከብር፣ ወንበርዎንም በአደራ የያዝኩ ታዛዥዎ ነኝ።

የሠፈሩ ፀጉር ሠሪ
የቡድኑ በጎ ፈቃደኛና ነባር ድስት አጣቢ

ግልባጭ፦
ለፋርማሲስቱ፣ ኪሱን አሰፍቶ ሲጨርስ የሚያስቀምጠው
ለፀጉር ቤቴ ትልቁ መስታወት
ካስክ ሥር ለሚቀመጡ ደንበኞች በሙሉ

ማስታወሻ፦ ያ ሩዝ ያረረበት ድስት እስካሁን አልታጠበም። እኔ ላጥበው ብነሣ ልጆቹ ተሰብስበው የእርስዎ ድርሻ ነው ብለው ከለከሉኝ፤ ስለዚህ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ለጸሐፊዎ ተሰጥቷል። ክዳኑን ቢሮ ውስጥ ባይከፍቱት ይሻላል። ስፖንጁ ከውስጥ አለ፤ ያስቀመጠችው ቀስበሉ ናት፣ በሁለት እጇ። ብቻዎን ካቃተዎ ይጠይቁን፤ ወዲያው እንመጣለን። ካልጠየቁን ግን ከኋላ ቆመን እንጠብቃለን።