የኃላፊው ወተት

ሰበታ፣ ጥቅምት 2009

ዶሃ ላለሽው ልጄ ለፀዲ፣

ጌታ በሰው አገር ሞገስ ይስጥሽ። እኔም ልጅሽ ያቤጽም ደህና ነን። ኢንተርኔቱ ስለተዘጋ ይህን በሰው እጅ ልኬዋለሁ። መንገዱ ተከፍቷል፣ ሽንኩርት ግን አይቀመስም።

የመጠጥ ፋብሪካችን በረብሻው ተቃጠለ። እኛን የፅዳት ሠራተኞችን አመዱን ጥረጉ ብለው ጠሩን። ኃላፊው ጓንትና ማስክ አድርጎ ከበሩ አላለፈም። አብራኝ የምትጠርገው ሬሐና «ምን አለበት?» ብትለው፣ «አቧራ ነው፤ ወተት ጠጡ፣ ያረክሰዋል» ብሎ የላስቲክ ወተት አደለን። እኔ ሞኟ አመስግኜ ጠጣሁ! በዚያው ቀሚስ ቤት ገብቼ ያቤጽን አቀፍኩት።

በማግስቱ መለኪያ የያዙ ሰዎች መጡ። ለካስ ጠርሙሱ ልክ መሙላቱን የሚያየው ማሽን ውስጥ ጨረር ያለው ዕቃ ነበር፤ እሳቱ ሰብሮት ከአመዱ ተቀላቅሏል። መለኪያው ቀሚሴ ላይ ሲደርስ ጮኸ። አስወልቀው፣ በላስቲክ አሽገው ወሰዱት፤ እኛንም አሳጠቡን። ቤት ድረስ መጥተው ያቤጽን ለኩት፤ ጌታ ይመስገን፣ ምንም አልነካውም።

ኃላፊው ግን ያውቅ ነበር! ለምን ዝም አልክ ሲሉት ምን ቢል ጥሩ ነው? «ወተት ሰጥቻቸዋለሁ።» ቱ!

የኔ ልጅ፣ አንቺም የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ነሽ። እባክሽ ምን እንደነካው ሳትጠይቂ አንዱንም አታንሺ። ጠይቀሽ ወተት ካቀበሉሽ፣ መልሱ እሱ ነው፤ አስቀምጪውና ውጪ። ጌታ እጆችሽን ይጠብቅልኝ፤ ያቤጽን የምታቅፊው በእነሱ ነው።

እናትሽ ገነት