የእትዬ አንገት ዓይን

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14
እማዬ ሱቅ፣ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ሆኜ

ለማይጽፈው፣ ለማይደውለው፣ እንዲያም ሆኖ ለምወደው ወንድሜ፤

እንዴት ነህ? ባሕሩ እንዴት ይዞሃል? እኛ ደህና ነን፤ ትምህርቴን ብቻ ትንሽ አሞታል። ሒሳብ እንደገና ጣለኝ። አትሳቅ! አንተም ብትሆን ከአሥረኛ ክፍል በመስኮት ነው የወጣኸው።

ግን ምሥራች አለኝ። ሲናደድ ጆሮው የሚቀላው መምህራችን ጠርቶ «አንቺ ልጅ፣ ክፍል ውስጥ ትተኛለሽ፤ ከላብራቶሪ ደግሞ የሚያስወጣሽ ጠፋ። ምን ይሻላል?» አለኝ።

«አልጋዬ ላብራቶሪ ይግባልኝ» አልኩት።

ጆሮው ቀላ። ቢሆንም የሚሠራ ነገር በእጄ ሠርቼ ካሳየሁት ኢምቤድድ ሲስተም ወደሚባለው ዘርፍ ሊያስገባኝ ቃል ገባ። እንዲገባህ ላስረዳህ፦ ጥፍር የምታህል ኮምፒውተር ዕቃ ሆድ ውስጥ ቀብረህ፣ ዕቃውን ነፍስ የዘራ ታስመስለዋለህ። ለእኔ ተብሎ የተፈጠረ ትምህርት በለኛ!

እትዬ አንገትን የሠራኋት ለዚህ ነው።

የእማዬን የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት ታስታውሳታለህ፣ ባርኔጣህን የምትሰቅልባትን። አንገቷን ቆርጬ ሞተር ገጠምኩላት፤ ግንባሯ ላይ ደግሞ ርቀት የሚለካ ሴንሰር። ጆሯችን የማይሰማው ድምፅ ይልክና አንድ ነገር ነክቶ እስኪመለስ ይጠብቃል፤ ከዚያ ርቀቱን ያውቃል። መርከባችሁ የባሕሩን ጥልቀት የሚያውቀው እንዲህ ነው ብለህ መጀመሪያ የነገርከኝ አንተ ነህ። እትዬ አንገት ጠዋት ሱቁ ባዶ ሳለ ዙሪያዋን ለክታ ግድግዳውን፣ መደርደሪያውን፣ ወንበሩን ትለምዳለች። ከዚያ በኋላ የምታየው አዲስ የመጣውን ብቻ ነው። ሰው ሲገባ አንገቷን ዞር ታደርግና ታፈጥበታለች።

ወይ ሳቅ! ጎረቤታችን ሥጋ ሻጩ ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ «ኧረ ይቺ ሴትዮ፣ ምን በደልኳት?» ብሎ ሱሪውን ጥሎ ፈረጠጠ። እማዬ «ደንበኛ አታባሪብኝ፣ አንቺ ጦጣ!» ብላ በሜትሯ ሾጥ አደረገችኝ። ፊቷን ግን ወደ ግድግዳ አዙራ ስትስቅ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። የመርከብ ድርጅቱ ሰውዬ ከመጣ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው።

አዎ፣ መጥቶ ነበር። ተቀመጥ ብትለው እምቢ ብሎ ቆሞ ነው የተናገረው። «መርከቡ ከሬዲዮ ጠፍቷል፤ እየተፈለገ ነው» ብሎ ሄደ። እኔ እንኳ አላመንኩትም። አንተ ስትደበቅ ማን አግኝቶህ ያውቃል?

አሁን ያስቸገረኝን ልንገርህ። የመርከብ መካኒክ አይደለህ፤ ምናልባት ታውቀው ይሆናል።

ባለፈው ሳምንት ከምሳ በኋላ እማዬ ቁልፍ እየተከለች፣ እኔ ሽቦ እየላጥኩ፣ እትዬ አንገት ዞር አለች። በር ላይ ማንም የለም። የዞረችው መስኮቱ ሥር ወዳለው ወንበር ነው፤ ከመርከብ በተመለስክ ቁጥር ጫማህን ወደምታወልቅበት። ባዶ ነው። አፍጥጣበት ቆየችና ቀስ ብላ ተመለሰች።

በማግስቱም እንደዚያው። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ። ሴንሰሩን ቀየርኩ። ነፋስ ይሆናል ብዬ መጋረጃውን አወረድኩ። በመጨረሻ ወንበሩን ራሱን ወደ ጓሮ አወጣሁት፤ ወንበሩ በነበረበት ባዶ ቦታ ላይ አፈጠጠች። ወንበሩን መለስኩት። እንግዲህ የሚቀመጥበት ካለ ቆሞ አይዋል ብዬ።

መምህሬ ግን ሳቀብኝ። «የተሳሳተ ንባብ ነው። የማይንቀሳቀስ ነገር እንዳታይ ማጣሪያ ጻፊላት» አለኝ። አንዲት መስመር ኮድ ናት። ሰኞ ሊያያት ይመጣል። ባዶ ወንበር የምታይ አሻንጉሊት ካገኘ ዘርፉም ቀረ፣ እኔም ወደ ሒሳቤ።

ትናንት መስመሯን ልጽፍ ኮምፒውተሬን እንደከፈትኩ እትዬ አንገት ዞረች። እማዬ መርፌዋን አስቀመጠች።

«ስንት ይላል?»

«ምኑ?»

«ርቀቱ ነዋ! አንብቢልኝ።»

አነበብኩላት። ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ አንዱን ጫፍ እትዬ አንገት ግንባር ላይ አስያዘችኝና ሌላውን እየዘረጋች ወደ ወንበሩ ሄደች። ያነበብኩላት ቁጥር ላይ ስትደርስ ቆመች፤ መደገፊያው ጋ ሳትደርስ፣ አየር ላይ። ጣቷ እዚያው ቀረ። የደንበኛ ደረት ስትለካ እንዴት አድርጋ እንደምታሳርፈው ታውቅ የለ? እንደዚያ። ከጣቷ እስከ መደገፊያው ያለውን በዓይኗ ለካችው።

«ከስቷል» አለች።

ኮምፒውተሬን ዘጋሁት።

ስለዚህ ወንድምዬ፣ ሌላ ነገር አልፈልግም፤ ሩቅ መሆንህን ብቻ ጻፍልኝ። ስድብም ይሁን ግድ የለኝም። «አንቺ ጦጢት» ብቻ ብትልም ይበቃኛል። ይሄ ደብዳቤ እንደ እትዬ አንገት ድምፅ ነው፤ ነክቶህ ካልተመለሰ ርቀትህን በምን ላውቅ? መልስህ የደረሰኝ ዕለት መስመሯን ጽፌ በራሴ እስቃለሁ። እስከዚያ አልጽፋትም። ሰኞ ይምጣና እንደፈለገ ጆሮው ይቅላ! አንድ ነገር እያየች ከሆነ ዓይኗን የማጠፋው እኔ አይደለሁም።

ያለህበት ውሃ ይርጋልህ። ብርድ አይድፈርህ። እግርህን ወደ ቤት ይምራልህ።

የምታናድድህ፣ የምትናፍቅህ እህትህ
ጦጢት

ልረሳው ነበር፦ ስትመለስ እንድትለብሰው ሰፍታ የሰቀለችውን ኮት እማዬ ዛሬ ጠዋት ፈታችው። ጎኑን እያጠበበችው ነው። እሷ ደግሞ ሳትለካ እንደማትቆርጥ ታውቃለህ።