ፍም ያለበት ክፍል

ሰኞ፣ ሐምሌ 6፣ ጠዋት
ቆሎ እየጠቀለልኩ ነው። ዛሬ የገዛሁት አሮጌ ወረቀት የባዮሎጂ መጽሐፍ ነው። አንዱን ገጽ አስቀረሁት። ደም ሳንባ ላይ ኦክስጅን ይጭናል፣ ለየአካሉ ያራግፋል፤ ሲመለስ ካርቦንዳይኦክሳይድ ይዞ ይመጣል፣ እሱ በትንፋሽ ይወጣል። የ18 ማዞሪያ ታክሲ በለው፣ ደብተሬ። ግርጌው ላይ ደግሞ፦ ከሰል በተዘጋ ቤት ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል፤ አይታይም፣ አይሸትም፤ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ተሳፍሮ "ወራጅ" የማይል ማለት ነው። ከዚያ በታች ተቀዷል።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 8
ጎረቤቴ ሰሚራ ከወለደች 10 ቀኗ። ልጠይቃት ገባሁ። ብርድ እንዳይመታት መስኮቱ በጨርቅ ተወትፏል። አልጋው አጠገብ የከሰል ምድጃ። ራሷን ያማታል፣ ያጥወለውላታል። እናቷ እማማ ዘይነባ ደም ስለፈሰሳት ነው ይላሉ፤ መረቅ በላይ በላዩ ያጠጧታል። እኔ የፈራሁት ሌላ ነው፤ ደሙ እያለ ጭነቱ ተቀይሮ እንዳይሆን። የከሰሉን ነገር አነሳሁባቸው። ሳቁብኝ።
"ወላሂ ወርቄ፣ ዶክተር ሆነሻል! ደጅ አንድጄ፣ ጭሱ ሲያልቅ ነው ያስገባሁት። የታለ ጭሱ?"
ወጣሁ። አለመከራከሬ ራሴን አናደደኝ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 9፣ 3 ሰዓት ጠዋት ላይ የሆነ
ሰሚራ ልትነሳ ስትል ወደቀች። የእናቷን ጩኸት ሰምቼ ሮጥኩ። በሩን በረገድኩት፣ ጨርቁን ነቀልኩት፣ ሕፃኑን አቅፌ ወጣሁ። እሷን ባሏና እማማ ተሸክመው አወጧት። ሕፃኑ ዝልፍልፍ ብሎ ነበር፤ ደጅ አለቀሰ። ተመስገን። ጤና ጣቢያ ሁለቱም ኦክስጅን ተደረገላቸው። ነርሷ ከሰል ነበር ወይ ብላ ጠየቀች። እማማ ሳይመልሱ፣ ነበር አልኩ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 10፣ ከሰዓት
ትናንት ማታ ተመልሰዋል። ሰሚራ ፈገግ ትላለች፣ ልጁ ይጠባል። እማማ ግን አኩርፈውኛል። በሰው ፊት አዋረደችኝ ብለዋል አሉ።
ዝናብ። ብርድ። አሁን በመስኮቴ ሳይ ምድጃውን በረንዳ ላይ እያራገቡ ነው። የሰሚራ ባል ሥራ ነው። ወጥቼ ለምን አልኳቸው። በሩን ገርበብ አደርገዋለሁ፣ አራስ በብርድ ትሙት ወይ አሉኝ፣ ፊታቸውን አዙረው።
ወፍራሙን ብርድ ልብሴን ከአልጋዬ አንስቻለሁ፤ ለሰሚራ ነው። ጆጉንም ውሃ ሞልቻለሁ፤ ለፍሙ ነው። ይቆጡ። ዕድሜ ልካቸውን ያኩርፉ።
ፍሙ ቀላ። ሊያነሱት ጎንበስ አሉ። ሄድኩ